የስኳር ዱካ በኦሮራ

ሰው በቀን ከሚበላው ስኳር ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ መጠን ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ይህ ኢምንት መጠን ተሰብስቦ ሲለካ፣ ባለቤቱ ምን ያህል ስኳር እንደበላ ያመለክታል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ምልክት ባዮማርከር ይሉታል፤ በሽንት፣ በደም ወይም በፀጉር ውስጥ ተለክቶ ስለ አመጋገብ ወይም ስለ ጤና የሚመሰክር ነገር ማለት ነው። ስልቱ የተቀመረው በጣሊያንና በእንግሊዝ ነው። ለምን እንዳስፈለገ ግን በኮሎራዶዋ ኦሮራና በጎረቤቷ ዴንቨር አካባቢ ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይታያል። የአንድ ትልቅ የስኳር ኩባንያ የቀድሞ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የኢንዱስትሪው የውስጥ ደብዳቤዎች የተገኙበት መዝገብ ቤት፣ በስኳር በሽታ ላይ የሚመራመረው የሕክምና ማዕከል፣ ሻዩንና ቡናውን በስኳር የሚጠጣው የኢትዮጵያ ተወላጅ፣ ሁሉም በዚያው ግዛት ይገኛሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽንትን መርምሮ ስለ ስኳር መናገር የቆየ ጥበብ ነው። የጥንት ሕንድ ሐኪሞች የአንዳንድ ሕመምተኞች ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ ጽፈዋል። በ1670ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ የሕመምተኞች ሽንት እንደ ማር እንደሚጣፍጥ መዘገበ። በ1776 የሊቨርፑሉ ማቲው ዶብሰን ሽንቱን በእሳት አትንኖ ከሥሩ ስኳር የሚመስል ዝቃጭ አገኘ። በ1815 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል ያ ስኳር ከወይን ስኳር፣ ማለትም ከግሉኮስ ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። በ1956 ደግሞ በኢንዲያና የሚገኘው ማይልስ ላቦራቶሪ ሽንት ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ የግሉኮስ መመርመሪያ ወረቀት ለገበያ አወጣ።

ይህ ሁሉ ግን በሽታን እንጂ አመጋገብን አይለካም። ጤነኛ ኩላሊት ከደም የተጣራውን ግሉኮስ መልሶ ይወስዳል፤ በሽንት የሚያፈሰው በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ በቀን አሥር ጠርሙስ ለስላሳ የሚጠጣ ጤነኛ ወጣት በወረቀቱ ሲመረመር ምንም ላይታይበት ይችላል። በአንጻሩ ኤምፓግሊፍሎዚንን የመሰለ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳር ባይቀምስም ሽንቱ በግሉኮስ የተሞላ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ግሉኮስን በሽንት በማስወጣት ነውና። በተጨማሪም ወረቀቱ ግሉኮስን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሻይ ውስጥ የሚጨመረው ስኳር፣ በሳይንስ ስሙ ሱክሮስ፣ ከግሉኮስና ከፍሩክቶስ የተጣመረ ስለሆነ ለወረቀቱ አይታይም።

ኮሎራዶ ከስኳር ጋር የተሳሰረችው ሹገር ቢት በሚባለው ተክል ነው። ይህ የቀይ ሥር ዘመድ የሆነ ነጭ ሥር ነው፤ ቀዝቃዛ አገር ይወዳል፤ ሸንኮራ አገዳ በማይበቅልበት ምድር ስኳር ይሰጣል። በግዛቱ የመጀመሪያው የቢት ስኳር ፋብሪካ በ1899 በግራንድ ጃንክሽን ተከፈተ። በ1901 የላቭላንድ ፋብሪካ ተከተለ፤ ከዚያም ዴንቨርን አቋርጦ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚፈሰውን የሳውዝ ፕላት ወንዝና ገባሮቹን ተከትለው በግሪሊ፣ በሎንግሞንት፣ በፎርት ኮሊንስና በፎርት ሞርጋን ፋብሪካዎች በረከቱ። በ1905 አብዛኞቹን የጠቀለለው ግሬት ዌስተርን ሹገር ኩባንያ ተመሠረተ። ዴንቨር መሐል የሠራው ዋና መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ የስኳር ሕንፃ ይባላል።

የቢት እርሻ ሥራ ወገብ የሚሰብር ነበር። ችግኙን ማሳሳት፣ አረሙን መኮትኮት፣ በመኸር ሥሩን ነቅሎ ቅጠሉን በመቁረጫ ቢላዋ መለየት፣ ሁሉም በእጅ ይሠራ ነበር። በመጀመሪያ ከሩሲያ የቮልጋ አካባቢ የተሰደዱ ጀርመኖች፣ ቀጥሎ ጃፓኖች፣ በኋላም የሜክሲኮ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ተሰማሩበት። ፎቶግራፍ አንሺው ሉዊስ ሃይን በ1915 በኮሎራዶ የቢት ማሳዎች ያነሳቸው ምስሎች ከቁመታቸው የማይመጣጠን ቢላዋ የጨበጡ ሕፃናትን ያሳያሉ። ስኳር ከመብዛቱና ከመርከሱ በስተጀርባ የእነዚህ ልጆች ጉልበት እንዳለ ማንም ሊዘነጋው አይገባም።

ከኦሮራ እህት ከተሞች አንዷ የሆነችው አዳማም የስኳር ጎረቤት ናት። ከአዳማ በስተደቡብ በቅርብ ርቀት ደግሞ የኢትዮጵያ ስኳር የተወለደበት ወንጂ አለ። ቀድሞ በጃቫ ደሴት ስኳር ያመርት የነበረው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር ሸንኮራ አገዳ ተከለ፤ የወንጂ ፋብሪካም በ1954 ሥራ ጀመረ። በ1962 የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረ፤ በዚያው አሥርት ዓመታት መጨረሻ ላይ መተሐራ ተከተለ። ከከምባታ፣ ከሀድያና ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች አገዳውን ቆረጡ። እስከዚያ ድረስ ጣፋጭ ማለት በአብዛኛው ማር ለነበረበት አገር፣ ሻይ በስኳርና ከረሜላ የዕለት ነገር እየሆኑ መጡ። ኩባንያው በ1975 ተወረሰ። ሁለቱ እህት ከተሞች እንዲህ የሁለት የተለያዩ የስኳር ተክሎች ጎረቤት ሆነው አደጉ። የተክሎቹ ልዩነት በሰው ሰውነት ላይ ስኳርን ለመለካት ሲሞከር ትልቅ ትርጉም አለው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ኦሮራ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሟ የገነነው በስኳር ሳይሆን በልብ ነው። በ1918 ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ወታደሮች የተከፈተው የፊትስሲሞንስ ሆስፒታል በዚያ ይገኝ ነበር። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1955 በአማቶቻቸው ቤት ዴንቨር ያደሩት ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር የልብ ድካም ሲይዛቸው ወደዚህ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ሰባት ሳምንት ያህልም ተኙበት። አሜሪካውያን ስለ ልብ በሽታና ስለ ምግብ በየጋዜጣው ማንበብ የያዙት በዚያን ጊዜ ነው። የሚኒሶታው ተመራማሪ አንስል ኪስ ጥፋተኛው ስብ ነው አለ፤ የለንደኑ ተመራማሪ ጆን ዩድኪን ስኳር ነው አለ። ሁለቱም የተማመኑት አገሮች በሚያወጡት የምግብ አቅርቦት አኃዝና ሰዎች በቃላቸው በሚሰጡት መልስ ላይ ነበር። አንድ ግለሰብ በእርግጥ የበላውን ስኳር የሚመሰክር መለኪያ በማንኛቸውም እጅ አልነበረም። ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት በጩኸትና በገንዘብ ሊመራ የቻለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ገንዘቡ የታወቀው ከዴንቨር በተነሳ ፍለጋ ነው። ግሬት ዌስተርን በ1985 ከሰረ፤ ወረቀቶቹ በፎርት ኮሊንስ በሚገኘው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ገቡ። በዴንቨር የጥርስ ሐኪም የነበረችው ክሪስቲን ከርንስ ስኳር በጤና ምክሮች ውስጥ ለምን እንደሚታለፍ ግራ ተጋብታ ስትፈልግ እነዚህን ሰነዶች አገኘች። ምርምሯ ወደ ሌሎች መዝገብ ቤቶችም መራት። በ2016 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ የስኳር ምርምር ፋውንዴሽን የተባለው የኢንዱስትሪው ድርጅት ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች 6,500 ዶላር መክፈሉን፣ እነሱም በ1967 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ስብን የሚወነጅልና የስኳርን ጥፋት የሚያቃልል ግምገማ ማውጣታቸውን አሳየች። ክፍያው በጽሑፉ አልተገለጸም፤ መጽሔቱ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ መግለጫ አይጠይቅም ነበር።

ከዚህ ይልቅ ለሽንት ምርመራ ታሪክ የሚቀርበው በ2017 የወጣው ሁለተኛው ጥናቷ ነው። ይኸው ድርጅት ከ1968 ገደማ ጀምሮ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ የሚካሄድ ሙከራ ይደግፍ ነበር፤ መለያ ስሙ ፕሮጀክት 259 ይባላል። ተመራማሪው ስኳር የበሉትንና ያልበሉትን አይጦች ሽንት ሲያነጻጽር ቤታ ግሉኩሮኒዴስ በተባለ ኢንዛይም ሥራ ላይ ልዩነት አየ፤ ኢንዛይሙ በሰው ላይ ከፊኛ ካንሰር ጋር ስሙ ይነሳ ነበር። ሥራውን ለመጨረስ ተጨማሪ ሳምንታት ሲጠይቅ ገንዘቡ ተቋረጠ፤ ውጤቱም ሳይታተም ቀረ። የኢንዱስትሪው ማኅበር በኋላ ጥናቱ የቆመው ስለዘገየና በጀቱን ስላለፈ ነው ሲል መልስ ሰጥቷል። ያም ሆነ ይህ፣ ሽንት ስለተበላው ስኳር ሊናገር እንደሚችል የሚጠቁም ፍንጭ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ለሕዝብ ጤና ትልቅ ኪሳራ ነበር።

የሰው ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ሱክሮስና ፍሩክቶስ ከተበላው ስኳር ጋር ያገናኘው ሥራ በ1990ዎቹ ታየ፤ የፍሎረንስ ተመራማሪዎች በ1996 ሁለቱ ስኳሮች በሽንት ውስጥ ከአመጋገብ ጋር አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ አሳተሙ። ስልቱን ያጸናው ግን የካምብሪጅ ቡድን ነው። ናታሻ ታሴቭስካና ሺላ ቢንግሃም በ2005 ባወጡት ጥናት ፈቃደኞችን በምርምር ቤት አስቀምጠው፣ የሚበሉትን ሁሉ መዝነው፣ በየቀኑ የ24 ሰዓት ሽንታቸውን ሰበሰቡ። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ስኳር የያዘ ምግብ በየተራ ሲሰጥ በሽንት የሚወጣው ሱክሮስና ፍሩክቶስም ከስኳሩ መጠን ጋር ጨመረ፤ ሌሎች ፈቃደኞችም ለ30 ቀን የለመዱትን ምግብ ሲበሉ የሁለቱ ድምር ከተበላው ስኳር ጋር በጥብቅ ተያያዘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተበላው ሱክሮስ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ባለ ኢንዛይም ለሁለት ይከፈላል። ከመከፈሉ በፊት ግን እጅግ ጥቂቱ በጨጓራና በአንጀት ሽፋን ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል። ሰውነት ደም ውስጥ የገባ ሱክሮስን የሚሰባብርበት መንገድ የለውምና ኩላሊት እንዳለ ያስወጣዋል። ፍሩክቶስ ደግሞ በአብዛኛው በጉበት ይያዛል፤ ጉበት ያመለጠው ጥቂቱ ወደ ሽንት ይወርዳል። ስኳር በበዛ ቁጥር የሚያመልጠውም ይበዛል።

መለኪያው የመጀመሪያውን ትልቅ እውነት የተናገረው በእንግሊዟ ኖርፎክ ነው። እዚያ በሚካሄድ ሰፊ ጥናት ሰዎች በጽሑፍ ባስታወቁት መሠረት ወፍራሞች ከቀጭኖች የበለጠ ስኳር አይበሉም ነበር። ሽንታቸው ሲለካ ግን በተቃራኒው ወፍራሞቹ ዘንድ ምልክቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2015 ከ1,700 በላይ ሰዎችን ያካተተው ትንተናም ይህንኑ ደገመ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ከ1999 እስከ 2000 የተካሄደው ኦፕን የተባለ ጥናት ደግሞ ሰዎች በመጠይቅ ሲጠየቁ የበሉትን የምግብ ኃይል በሲሶ ገደማ አሳንሰው እንደሚያስታውቁ በሌላ ባዮማርከር አረጋግጦ ነበር። ሰው የሚያሳንሰው ሁልጊዜ ለመዋሸት አይደለም። ይረሳል፣ ያፍራል፣ ወይም ማንኪያውን አይቆጥርም።

ሽንት መሰብሰብ አድካሚ በመሆኑ ሌላ መንገድ ተፈልጎ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው የኮሎራዶና የወንጂ ተክሎች ልዩነት የሚመጣው። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ካርቦንን ከአየር የሚይዙበት መንገድ ከስንዴ፣ ከገብስና ከሹገር ቢት የተለየ ነው። በዚህም የተነሳ ካርቦን 13 የሚባለውን ከባዱን የካርቦን ዓይነት ከእነዚህ ይልቅ አብዝተው ይይዛሉ። ማር በበቆሎ ሽሮፕ መበረዙ በ1970ዎቹ መታወቅ የጀመረው በዚህ ልዩነት ነው። የለስላሳ መጠጦች ጣፋጭ ከበቆሎ መሠራት ሲጀምር፣ በጣት ደም ወይም በፀጉር ውስጥ ያለውን ካርቦን 13 ለክቶ የተበላውን ስኳር መገመት እንደሚቻል ታሰበ፤ በአላስካ ዩፒክ ሕዝብ ዘንድም ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

በኦሮራ ላለ ሐበሻ ግን ይህ መለኪያ ሁለት ጊዜ ይስታል። አንደኛ፣ በፎርት ሞርጋን ፋብሪካ ዛሬም ከሹገር ቢት የሚመረተው ስኳር የካርቦን ፊርማው እንደ ስንዴ ስለሆነ ለመለኪያው አይታይም። ከአሜሪካ የሱክሮስ ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ ከቢት ነው። ሁለተኛ፣ ጤፍ ካርቦን የሚይዘው እንደ ሸንኮራ አገዳ ነው፤ ማሽላም እንዲሁ። ስለዚህ ጠዋትና ማታ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ስኳር ባይነካም ደሙ የሸንኮራ ተጠቃሚ ያስመስለዋል። በበቆሎ ያደገው የአሜሪካ ዶሮ ወጥ ሲሆን ነገሩን ያብሰዋል። ለእንጀራ በሊታ የሚሻለው፣ አድካሚ ቢሆንም፣ ሽንት ነው።

የፊትስሲሞንስ ሆስፒታል በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲዘጋ ግቢው ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተላልፎ አንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ሆነ። በ1978 የተመሠረተው የባርባራ ዴቪስ የስኳር በሽታ ማዕከልም አሁን በዚያ ነው። ማዕከሉ ከ1993 ጀምሮ በሚያካሂደው ዴይዚ በተባለ ጥናት፣ ለዓይነት 1 የስኳር በሽታ የተጋለጡ ሕፃናትን ከልጅነታቸው ይከታተላል። በ2015 የወጣው ውጤቱ፣ ሰውነታቸው ቆሽታቸውን ማጥቃት በጀመረባቸው ልጆች ዘንድ ስኳር አብዝቶ መብላት ወደ በሽታው ከመሻገር ጋር እንደሚያያዝ አመለከተ። ስኳሩ የተገመተው ግን በምግብ መጠይቅ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ግኝት በማስታወስ ላይ ብቻ መቆሙ የሽንት ባዮማርከርን አስፈላጊነት በቅርብ ያሳያል።

በዚያው ካምፓስ ሪቻርድ ጆንሰንና ሚጌል ላናስፓ ፍሩክቶስ በጉበት ውስጥ የሚያደርገውን አጥንተዋል። ፍሩክቶስ ሲቃጠል የሴሉን የኃይል ክምችት በፍጥነት ያሟጥጣል፣ ከፍርስራሹም ዩሪክ አሲድ ይፈጠራል። ለለኪዎች ይበልጥ የሚያሳስበው በ2013 በአይጦች ላይ ያገኙት ነገር ነው። ጉበት ከግሉኮስ ራሱ ፍሩክቶስ ሊሠራ ይችላል። በሌላ ሥራቸው ብዙ ጨው መብላትም ይህንን መንገድ እንደሚቀሰቅስ በ2018 አሳይተዋል። በሽንት የተገኘው ፍሩክቶስ ሁሉ ከአፍ የገባ ነው ብሎ መደምደም እንግዲህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሱክሮስ በዚህ ረገድ የታመነ ነው፤ የሰው ሰውነት ሱክሮስ አይሠራም።

ኦሮራ ውስጥ አማርኛ በብዛት ከሚነገሩ የስደተኛ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በሃቫና መንገድና በኮልፋክስ ጎዳና ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች በርክተዋል። የአሜሪካ የምግብ መጠይቅ ይህን ማኅበረሰብ በደንብ አይዘውም። መጠይቁ አንድ ሰው በሳህን ስንት ጊዜ እንደበላ ይጠይቃል፤ ሐበሻ ግን ከአንድ ትሪ ከቤተሰቡ ጋር ይቆርሳል። በቀን ስንት ስኒ ቡና ይላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚጠጣውን፣ በየስኒው የሚገባውን ስኳርም ሆነ በጨው የሚጠጣውን ለይቶ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። ሽንት ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ይመዘግባል።

ለዚህ ማኅበረሰብ ሲሠራበት ግን ሦስት ነገሮች መታሰብ አለባቸው። የመጀመሪያውና ዋናው ጨጓራ ነው። የጨጓራ ሽፋን ሲቆስል የሚሾልከው ሱክሮስ ይጨምራል፤ የካናዳ ካልጋሪ ሐኪሞች በ1993 ሱክሮስ አጠጥተው ሽንት በመለካት የጨጓራ ጉዳትን ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ ኤች ፓይሎሪ በኢትዮጵያውያን ዘንድ በጣም የተስፋፋ በመሆኑ፣ የታመመ ጨጓራ ያለው ሰው ትንሽ ስኳር በልቶ እንደ ብዙ በሊታ ሊቆጠር ይችላል። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖችን አዘውትሮ መውሰድም ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሁለተኛው፣ ሽንት ከፋብሪካ የመጣውን ስኳር ከተፈጥሮው አይለይም፤ ለወጥ የሚቁላላው ብዙ ሽንኩርት ራሱ ሱክሮስና ፍሩክቶስ አለው፤ ማርና ጠጅም እንዲሁ። ሦስተኛው ጾም ነው። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ዕለቱ አመጋገብ ስለሆነ በዐቢይ ጾም የተሰበሰበ ሽንት ስለ ፋሲካ ሳምንት አይመሰክርም፤ ከሁለቱም ወቅት ደጋግሞ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

አሰባሰቡ ራሱ ቀላል ሕግ አለው። የመጀመሪያው ቀን የጠዋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እስከ ማግስቱ ጠዋት፣ የማግስቱን የመጀመሪያ ሽንት ጨምሮ፣ በአንድ ዕቃ ይጠራቀማል። ባክቴሪያ ስኳሩን እንዳይበላው በቅዝቃዜ ወይም በመከላከያ ኬሚካል ይጠበቃል። ተሰብሳቢው ሙሉ መሆኑን ለማረጋገጥ ቢንግሃምና ባልደረባዋ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተጠቀሙበት መንገድ ፓባ የተባለ ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ማስዋጥ ነው፤ ከተዋጠው ቢያንስ 85 በመቶው በሽንት ካልተገኘ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሽንት ቤት ፈስሷል ማለት ነው።

ታሴቭስካ ወደ አሪዞና ከተዛወረች በኋላ በፊኒክስ አካባቢ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎችን ለ15 ቀን የየራሳቸውን የዘወትር ምግብ መዝና እያበላች መለኪያውን ለአሜሪካ አመጋገብ ፈትሻለች። ለኦሮራ ሐበሾችም የሚስማማው ይኸው ንድፍ ነው፤ እንጀራው፣ ሽሮውና ዶሮ ወጡ በምርምር ማእድ ቤት ተመዝኖ ይቀርባል፤ የቡናው ስኳር በግራም ይለካል፤ ተሳታፊው አስቀድሞ ለኤች ፓይሎሪ ይመረመራል፤ ሽንቱም በጾምም በፍስክም ይሰበሰባል።